ያለ ማቆሚያ የተነሡ ፊቶች፤ ስለ ዎከር ኤቫንስ የባቡር ፎቶግራፎች

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኤቫንስ ከ1938 እስከ 1941 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር እየተሳፈረ፥ ከፊት ለፊቱ የተቀመጡትን መንገደኞች ሳያውቁበት ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ሥራው በመጽሐፍ የታተመው ግን ብዙ ቆይቶ በ1966 ነው። የመጽሐፉ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ብዙዎች ተጠርተዋል» ማለት ሲሆን፥ ይኸውም ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 የተወሰደ ነው፤ ስለ ተመረጡት የሚናገረውን የቃሉን ሁለተኛ ክፍል ግን ለአንባቢው ትቶታል። መቅድሙን የጻፈው ጄምስ ኤጂ በ1940 ጽፎ ቢጨርሰውም፥ በ1955 ስለ ሞተ ታትሞ ለማየት አልታደለም።

ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው፥ ሰው ፎቶግራፍ መነሣቱን ካላወቀ እውነተኛ ፊቱን ያሳያል የሚል ነው። ኤቫንስ ራሱም ወደዚህ አሳብ ያዘነብል ነበር። እኛ ግን አስተያየቱን እንዲሁ ለመቀበል አንችልም። ምክንያታችንም አስቀድሞ ከሥነ ምግባር ሳይሆን ከካሜራው አሠራር የሚነሣ ነው።

በባቡሩ ውስጥ የነበረው ብርሃን የአምፑል ብርሃን ብቻ ነው፤ የዚያን ጊዜውም ፊልም እንደ ዛሬው ብርሃን የሚቀበል አልነበረም። ፍላሽ ቢያበራ ምሥጢሩ ወዲያው ይገለጥበታል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያማ በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ኤቫንስ ኮንታክስ የተባለውን ትንሽ ካሜራ የሚያብረቀርቀውን ክፍል ጥቁር ቀለም ቀብቶ፥ በካፖርቱ ሥር ከደረቱ ላይ አሰረው፤ ሌንሱ በሁለት ቁልፎች መካከል ብቅ ይላል፤ የመዝጊያው ገመድ ደግሞ በእጅጌው ውስጥ አልፎ ከእጁ ይደርሳል። በመመልከቻው ለማየት ስለማይችል፥ የሚያነሣውን በግምት ነበር የሚያነሣው። እንግዲህ ማቆሚያው የገዛ ደረቱ ነበረ ማለት ነው።

ይህ ብልኀት ምን ያህል ያገለግላል? በእጅ ይዘው ሲያነሡ፥ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካሜራ ከሴኮንድ 1/50 ቀርፎ ሲሠራ የእጅ መንቀጥቀጥ በሥዕሉ ላይ መታየት ይጀምራል የሚል የቆየ የሙያ ደንብ አለ። ከሰውነት ጋር የታሰረና ጀርባውን ወንበር የደገፈለት ካሜራ፥ ክንድ ዘርግተው ከያዙት ይልቅ ይረጋል። ነገር ግን መደብዘዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአንሺው መንቀጥቀጥ የሚመጣ ሲሆን፥ እርሱን መደገፍና ትንፋሽ መያዝ ይቀንሱታል። ሁለተኛው ከተነሺው እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው፤ ለዚህም ደረት ቀርቶ ከብረት የተሠራ ማቆሚያ እንኳ መድኃኒት አይሆነውም።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ብርሃን ጠርቶ የሚወጣው ማን ነው? ዝም ብሎ የተቀመጠው፥ የደከመው፥ ያንቀላፋው፥ በአሳብ የተዋጠው፥ ጋዜጣ የሚያነብበው ነው። የሚስቀው፥ ወደ ጎረቤቱ ዘወር የሚለው፥ እጁን እያወናጨፈ የሚያወራው በቀላሉ ይደበዝዛል። የሚነጋገሩ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ፈጽሞ የሉም አንልም፤ ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዋና ዜማ ትካዜ ነው። ተቺዎች ይህን ትካዜ የከተማው ሕዝብ የነፍስ ምስክር አድርገው ሲያቀርቡት፥ እኛ ከፊሉን ለመዝጊያው መዝገም እንሰጠዋለን። ከፊሉ ደግሞ የመቀሱ ሥራ ነው፤ ኤቫንስ ሥዕሎቹን ከዙሪያቸው እየቆረጠ ፊቶቹን ወደኛ አቅርቧቸዋልና።

ከዚህ በፊት ይኸው ሰው በ1936 ከኤጂ ጋር ወደ አላባማ ሄዶ በድኻ የጥጥ ገበሬዎች ቤት ሠርቶ ነበር፤ ሥራቸውም በ1941 ታትሟል። በዚያ የተጠቀመበት ትልቅ ካሜራ ማቆሚያ ላይ የሚተከል፥ የፊልሙም ስፋት 8 በ10 ኢንች የሆነ ነበር። አንዲት የገበሬ ሚስት ከሳንቃ ግድግዳ ፊት ቆማ፥ ከንፈርዋን ገጥማ ሌንሱን ትክ ብላ ታየዋለች። ካሜራውን አይታዋለች፤ እንዴት እንደምትቆምም ራስዋ ቈርጣለች። ይህ ፊት ከባቡሩ ፊቶች ያነሰ እውነት ነውን? አባቶቻችን ፎቶ ቤት ሲገቡ ጋቢያቸውን አስተካክለው፥ አንድ እጃቸውን በወንበር ላይ አሳርፈው እንደ ዋርካ ቀጥ ይላሉ። በየቤታችን የተሰቀለውን ይህን ሥዕል ሐሰት ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሰው ለመታየት የሚያሰናዳውም ፊት የራሱ ፊት ነው።

ለኤቫንስ ግን አንድ ነገር ልንመሰክርለት ይገባል። ኋላ ስለዚህ ሥራው ሲናገር ራሱን እንደሚጸጸት ሰላይ አድርጎ ነበር የገለጸው፤ ፊቶቹም በአደባባይ በመጽሐፍ የወጡት ባለቤቶቻቸው ሩብ ምዕት ዓመት ከገፉ በኋላ ነው። ዛሬ የካሜራው ስሜት ተቀባይ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅን መንቀጥቀጥ ያርማል፤ ስልካችንም ብዙ ሥዕል በተከታታይ አንሥቶ አንድ ያደርጋቸዋል። (የተነሺውን ራስ መዞር ግን ይህ እርማት አያቆመውም፤ ስለዚህ በጨለማ የሚመረጠው ዛሬም ያው ያንቀላፋው ነው።) በማታ አውቶቡስ የተኛውን መንገደኛ አንሥተው ከመውረዳቸው በፊት ለሺህ ሰው የሚልኩ ጓደኞቻችን፥ ከኤቫንስ ብልኀቱን ወርሰው መዘግየቱን ትተውታል።

ከመጽሐፉ ሁሉ እኛን የበለጠ የያዘን ወደ መጨረሻው የሚገኘው ሥዕል ነው። አንድ ዓይነ ስውር አኮርዲዮኑን እየተጫወተ በባቡሩ መተላለፊያ ይመጣል፤ በዚህ ሥዕል ከአንድ ፊት አልፈን ፉርጎውን በርዝመቱ እናያለን። ለዚህ ሰው የካፖርቱ መደበቂያ ምንም አልጨመረም፤ ካሜራው በግልጽ ቢወጣም ባላየው ነበር። ዓይን ያላቸው ተሳፋሪዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም ሙዚቀኛውን ልብ ያሉት አይመስሉም።