ስለ «ሳንኮፋ» ፊልምና ስለ ቤታችን ዝምታ

አቶ ኃይሌ ገሪማ በ1985 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረቡት «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልም ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው፣ የአሜሪካን ባርነት በባሮቹ ዓይን ስላሳየ ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው። የፊልሙ ዋና ቁም ነገር ግን በዚህ ብቻ የሚያበቃ አይመስለንም። ነጭ ጥቁርን እንደ በደለ መናገር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው፣ አንድ ሕዝብ በገዛ ማኅበሩ ውስጥ ስላለው የዘርና የመልክ ነገር እርስ በርሱ መነጋገሩ ነው። «ሳንኮፋ» የሞከረው ይህንን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል፣ ጋና ውስጥ በኬፕ ኮስት፣ ባሮች ይጫኑበት ከነበረው ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሣ ቆይታ በምትሐት ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ሾላ የተባለችም የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባሪያ ትሆናለች። በእርሻው ጅራፍ የሚይዙት ነጮቹ ብቻ አይደሉም፤ ከባሮቹ መካከል የተሾሙ አለቆች፣ ጆና ኖብል አሊም አሉበት። ጆ ከአፍሪካዊቷ ከኑኑ የተወለደ ክልስ ሲሆን እናቱን ይጸየፋታል፤ በመጨረሻም ይገድላታል።

ነቀፌታችን ከዚህ ይጀምራል። የጆ ክፋት ከወዴት መጣ ቢባል፣ ፊልሙ የሚያመለክተን ወደ ነጭ አባቱና ወደ ካቶሊኩ ካህን ስብከት ነው። በዚህ ዐይነት ጥፋቱ ከውጭ የገባ ይሆንና ማኅበሩ ራሱን ከመመርመር ይድናል። የኖብል አሊ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ኑኑን እየወደደ በወገኖቹ ላይ ጅራፍ ይዞ ይቆማል። እውነተኛው ጥያቄ በእርሱ ላይ ሳለ፣ ፊልሙ ወደ ዐመፁ ቸኩሎ በቂ ጊዜ አልሰጠውም።

ይህ ጉድለት የእኛም ነው። ፊልሙን ካየን በኋላ አምስት ሆነን ሻይ ቤት ገብተን ነበር። አንዱ ጓደኛችን «እግዜር ይመስገን፣ ይህ ነገር አገራችን አልገባም» አለ። ከመካከላችን ጠቆር ያለው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ በሰፈሩ «ባሪያው» እየተባለ እንዳደገ፣ እኛም በቅጽል ስም ያንኑ እንደምንደግምለት ነገረን። «ለፍቅር እኮ ነው» ብለን ሳቅን፤ እርሱ አልሳቀም። ወዲያው ሌላ ጨዋታ ተጀመረ።

ነገሩ ግን አገራችን ገብቶ ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ጨርሶ በሕግ ተሻረ። ዐዋጁ ሰውን ነጻ ሲያወጣ ቃሉ በአፋችን ቀረ፤ ለጋብቻ አጥንት በሚቆጠርበት ጊዜም ይወጣል። በአሜሪካ ባሮች ሥቃይ እያለቀስን ይህንን ቃል የምንናገር ከሆነ፣ ራሱ ገርፎ ራሱ እንደሚጮኸው ጅራፍ መሆናችን ነው።

«ሳንኮፋ» በአካን ቋንቋ «ተመልሰህ ውሰድ» ማለት ነው። ተመልሰን ልንወስደው የሚገባን ነገር በዚያች ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ጓደኛችን መናገር ጀምሮ ነበር፤ የእኛ ድርሻ ሳንስቅ እስኪጨርስ መስማት ነበር። ግልጽ ንግግር የሚለመደው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ፊልሙን ዳግመኛ የሚያይ አንባቢም ከጆ ይልቅ ኖብል አሊን እንዲመለከት እንመክራለን።