ለአፍ የሚጥሙ ቃላት

የጅቡቲው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ከእርሱም ጋር የመጣውን የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» አማርኛ ትንፋሽ ጨምሮበት «ለገሃር» አሰኘው። ለእኛ ጆሮ ከአባቱ ልጁ ይጥማል።

በካርቲየ 4 በፈረንሳይኛ ለሚማር የሐበሻ ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ በፈረንሳይኛ የሉም። «በብርድ ተንቀጠቀጠ» የሚለውን «ተንከተከተ» ብሎ ቢያነበው የበረደው ሰውዬ በሳቅ ፈነዳ ማለት ነው! (በጅቡቲ ሐሩር የብርድ ምሳሌ ማምጣታችን ይታለፍልን።)

የቃላት መልመጃዎቻችን ግን «ቃሉን ከፍቺው አዛምዱ» ብለው ድምፁን ይዘሉታል። ይህን እንነቅፋለን። መምህሩ አስቀድሞ «ብልጭልጭ»፣ «ተንቆረቆረ»፣ «ቁጭ ብድግ» እያለ ተማሪዎቹን ጮክ ብለው እንዲከተሉት ያድርግ፤ ፍቺው ከሳቁ በኋላ ይደርሳል።