የንግድ ምሥጢርን በውል ስለ መጠበቅ፤ ከሶማሌ ተራ አንጻር የቀረበ ሒስ

ከውጭ አገር የንግድ ልማድ ጋር ወደ እኛ ዘንድ ከደረሱት የውል ዐይነቶች አንዱ፥ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ያወቀውን ነገር ለማንም እንዳይገልጽ በፊርማው የሚታሰርበት የምሥጢር ጥበቃ ውል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ውል የሚጠቀሙት ታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ አይደሉም፤ የሰው ግቢ የሚያስውብ፥ ሣርና አበባ የሚተክል አነስተኛ ድርጅት እንኳ የደንበኞቹን ዝርዝር፥ የጨረታ ሒሳቡን፥ የአፈርና የማዳበሪያ ቅምሩን፥ ችግኝ የሚገዛበትን ስፍራ ሠራተኛው ይዞበት እንዳይሄድ ያስፈርማል። ነገሩ በራሱ ነውር የለበትም። እኛ የምንነቅፈው የዚህ ወረቀት ቃል እንዳለ ተገልብጦ ለማናቸውም ንግድ ልክ እንደ ሆነ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ለመመርመሪያም ሶማሌ ተራን መርጠናል።

ሶማሌ ተራ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ የሚገኝ፥ በመኪና መለዋወጫ ዕቃ ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተ ነው፤ የመካኒኩም ቋንቋ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ይሸታል፤ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባልስትራ፥ ስፖኪዮ እየተባለ ነው የሚነገረው። ተራ ማለት አንድ ዐይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጐን ለጐን የሚቀመጡበት ስፍራ ነው፤ ይህም ለጥያቄያችን ዋና ነገር ነው። ተፎካካሪው በር ለበር ስለ ተቀመጠ ደንበኛ ሲገባ ያያል፤ ዋጋ ሲጠራም ይሰማል። የተፈለገው ዕቃ በሱቁ የሌለው ነጋዴ ልጁን ወደ ጎረቤት ልኮ ያስመጣና ጥቂት ጨምሮበት ይሸጣል፤ ጎረቤቱም ነገ እንዲሁ ያደርጋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ምሥጢር ከቶ ሊኖር ይችላልን?

ሲመረመር ግን አለ። ዕቃው ከማን እንደ ተገዛና በስንት እንደ ተገዛ ባለ ሱቁ ለጎረቤቱም አይነግርም፤ የትርፉ መጠን የሚታወቀው በዚህ ነውና። ደንበኛ የሚልኩለት መካኒኮች እነማን እንደ ሆኑም እንዲሁ ተደብቆ የሚያዝ ነገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የመግጠም ዕውቀት ነው፤ ይኸውም የየትኛው መኪና ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ማወቅ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና አያሌ ዓመት በታክሲነት ያገለገለችውን ላዳ እንመልከት። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት መሠራት ስትጀምር የተቀረጸችው በጣሊያኑ ፊያት 124 አምሳል ነው። ስለዚህም መልካቸውን ያየ ሰው ዕቃቸው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የላዳ ሞተር ከፊያት 124 የተለየ ነው፤ የፊያቱ የኋላ ፍሬን ዲስክ ሲሆን የላዳ ግን ሸራው በታምቡር ውስጥ የሚሠራ ነው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። በአንጻሩ በጃፓን ቪትዝ ተብላ የተሸጠችው ቶዮታና በአውሮፓ ያሪስ የተባለችው በስም ብቻ የሚለያዩ ስለ ሆኑ፥ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሌላው «የለም» ብሎ የመለሰውን ደንበኛ ደስ አሰኝቶ ይሸኛል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አይሸጥም፤ ዕቃ ሲፈታታና ሲያቀብል የኖረ ልጅ በእጁ የሚያገኘው ነው።

እንግዲህ ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከአንቀጽ 132 እስከ 134 ድረስ ከመልካም የንግድ ልማድ ውጭ የሆነን ውድድር ይከለክል ነበር፤ በምሳሌነት የዘረዘረው ግን ደንበኛን ማሳሳትንና የተፎካካሪን ስም ማጕደፍን ነው እንጂ ምሥጢርን በስሙ አልጠራም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን ጕድለት በመሙላት፥ ባለመብቱ ሳይፈቅድ መረጃን ከመልካም ልማድ ውጭ መግለጥን፥ መያዝንና መጠቀምን ተገቢ ካልሆነ ውድድር ቈጠረው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 400 የንግድ ምሥጢር የሚገልጥን ሰው ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመው ትሪፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ39ኛው አንቀጹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ነገሩ በሙያው ሰዎች ዘንድ በሰፊው ያልታወቀ፥ ስለ ተደበቀም ዋጋ ያለው፥ ባለቤቱም ለመጠበቅ በቂ ጥረት ያደረገበት መሆን አለበት። ውል ማስፈረም የሚጠቅመው ለዚህ ለሦስተኛው ማስረጃ እንዲሆን ነው።

በዚህ መመዘኛ የመግጠም ዕውቀት የሚቆም አይመስለንም። በሶማሌ ተራ ብዙ ሰው ያውቀዋልና። ተገልብጦ የሚመጣው ወረቀት ግን «ሠራተኛው በሥራው ላይ ያወቀው ማናቸውም ነገር» ምሥጢር ነው ይላል። አንድ ልጅ ከገጠር መጥቶ በዘመዱ ሱቅ ገባ እንበል። መጀመሪያ ይጠርጋል፥ ይላላካል፤ ቀጥሎ ዕቃ ይለያል፤ ከዓመታት በኋላ ጋሼ በሌሉበት ዋጋ ይቈርጣል። የገበያው ልማድ ይህ ልጅ አንድ ቀን የራሱን ሱቅ እንዲከፍት ይፈቅዳል፤ ጋሼም የጀመሩት እንዲሁ ሊሆን ይችላል። «ማናቸውም ነገር» የሚለውን ቃል የፈረመ ልጅ ግን ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ሙያ የለውም ማለት ነው። ይህ ቃል በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ከተጻፈው መተዳደሪያን በነጻ የመምረጥ መብት ጋር የሚጋጭ ሆኖ እናየዋለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1731 ያነሡብናል፤ በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል የሚለውን። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንቀጹ «በሕግ የተቋቋመ» ይላል፤ አንቀጽ 1716 ደግሞ ጕዳዩ ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል እንደማይጸና ይናገራል። ይህ አንቀጽ ለሌላም ነገር ያስፈልገናል። ስለ ሶማሌ ተራ በከተማው የሚነገረው ወሬ የታወቀ ነው፤ ስፖኪዮው የጠፋበት ሰው ሊፈልግ የሚሄደው ወደዚያ ነው ይባላል። ወሬው በሐቀኛው ነጋዴ ላይ የሚያደርሰውን በደል እናውቃለን፤ ወሬውን ሐሰት የሚያደርገው ግን የዕቃው ምንጭ መታወቁ ነው። ስለዚህ «የዕቃ ምንጭ አይገለጥም» የሚለው የውል ቃል የሐቀኛውን አስመጪ አድራሻ ሲሸፍን ደኅና ነው፤ የተሰረቀ ዕቃ ሲሸፍን ግን የሠራተኛውን አፍ ሊያስር አይገባውም። ያየነው ዐይነት ወረቀት ይህን ልዩነት አያደርግም፤ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚሰጥ ምስክርነት ከእገዳው ውጭ መሆኑንም አይናገርም።

የማስረጃውም ነገር ቀላል አይደለም። ባለ ሱቁ ተበደልሁ ብሎ ሲከስ ምሥጢሩ ምን እንደ ነበረ ማስረዳት አለበት፤ ሲያስረዳም ይገልጠዋል። በአንቀጽ 1889 መሠረት ኪሣራውን አስቀድሞ በገንዘብ መወሰን ይቻላል፤ ይህ የጕዳቱን ልክ ከማስረዳት ቢያድንም ውሉ መፍረሱን ከማስረዳት አያድንም። በሩ ሁሉ በተከፈተበት ተራ ዋጋውን ለጎረቤት የነገረው ልጁ ነው ወይስ ራሱ ደንበኛው?

ስለዚህ ውሉ ይቅር አንልም፤ ይጥበብ ነው የምንለው። በስማቸው የሚጠሩ ነገሮች ይጻፉበት፤ የአስመጪው አድራሻና የመግዣው ዋጋ፥ የመካኒኮቹ ዝርዝርና ዛሬ በስልክ ውስጥ የሚቀመጠው ቍጥራቸው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸናም ይወሰን፤ የመግዣ ዋጋ በየወሩ በሚለዋወጥበት ገበያ አምስት ዓመት መዝጋት ትርጕም የለውም። ልጁ በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለት ይፈርም፤ አንድ ቅጂም በእጁ ይቅር። የሠራተኛ ሕጉ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ባልተደረገ ጊዜ አሠሪው ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ለሠራተኛው ይህን ወረቀት ሳይሰጥ የምሥጢሩን ወረቀት አስቀድሞ የሚያስፈርም አሠሪ ካለ፥ ዳኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ቢሆን ደስ ይለናል።