ግራቪቲ የዘለላት 23 ዲግሪ

ስለ ጠፈር ፊልም ወሬ ሲነሳ አንድ ሰው "ግራቪቲ ግን ሳይንሱን ጠብቋል" ማለቱ አይቀርም። በብዙ ነገር እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአልፎንሶ ኩዋሮን ፊልም ገና ሲጀምር ከምድር በላይ 600 ኪ.ሜ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ ነገር እንደሌለ በጽሑፍ ይነግረናል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ስብርባሪው ሁሉን ነገር ሲያደቅ ያለ ድምፅ ነው። አንዴ መሽከርከር የጀመረ ሰው የሚይዘው ነገር እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም። ፊልሙ 7 ኦስካር ሲወስድ እኔም ደስ ብሎኛል።

የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታሪኩ በሙሉ የቆመው ግን እሱ ላይ ነው። ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። ዶክተር ስቶንና ኮዋልስኪ ሀብል ቴሌስኮፕን እየጠገኑ ሳለ የሳተላይት ስብርባሪ መጥቶ መንኮራኩራቸውን ያወድመዋል። ኮዋልስኪ ጀርባው ላይ ባዘለው ትንሽ ጄት ስቶንን በገመድ እየጎተተ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጉዞ ይጀምራል። ጣቢያው ከሩቅ ይታያል፣ ወደዚያ ያነጣጥራል፣ ይገፋል፣ ይደርሳሉ። በኋላ ደግሞ ስቶን በሶዩዝ ወደ ቻይናው ቲያንጎንግ ትሻገራለች። አሁንም ማየት፣ ማነጣጠር፣ መግፋት።

"ፊልም እኮ ነው፣ አታካብድ" የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ግን መጀመሪያ ነገሩን እንየው፤ ማካበዴን ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

ከቦሌ ወደ መገናኛ በቀለበት መንገዱ እየሄዳችሁ ነው እንበል። ጓደኛችሁ የተሳፈረበት ሚኒባስ 200 ሜትር ቀድሟችኋል። ሹፌሩን "ንዳው!" ትሉታላችሁ፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ትደርሱበታላችሁ። ምህዋር ላይ ይሄ አይሠራም። ምህዋር ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ምድርን የማይመታው ወደ ጎን በጣም ስለሚፈጥን ነው። ስለዚህ ሞተራችሁን አስነስታችሁ ወደፊት ስትገፉ ፍጥነታችሁ ብቻ ሳይሆን መንገዳችሁ ራሱ ይለወጣል። ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ ዙሩ ይረዝማል፣ እላይ ስትደርሱም ፍጥነታችሁ ይቀንሳል። ያ የምታባርሩት ሚኒባስ ከታች ጥሏችሁ ይሄዳል። ሊደርስበት የሚፈልግ ሰው ፍሬን መያዝ አለበት! ፍጥነት ስትቀንሱ ዝቅ ትላላችሁ፣ ዙሩ ያጥራል፣ በታች በኩል ትቀድማላችሁ፤ ከዚያ በልኩ ገፍታችሁ ወደ እሱ ከፍታ ትመለሳላችሁ።

ይሄ ነገር ባለሙያውንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1965 ጄምስ ማክዲቪት ጀሚኒ 4ን እየነዳ፣ ራሱን ወደ ምህዋር ያደረሰውን የሮኬት ክፍል ሊጠጋው ሞከረ። ዕቃው ቅርብ ነበር፣ በዓይን ይታያል። ማክዲቪት የሰለጠነ የጄት አብራሪ ነውና እንደ አብራሪ አነጣጥሮ ገፋ። ዕቃው ራቀበት። ደግሞ ገፋ፤ አሁንም ራቀ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ሙከራው ቀረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን ጀሚኒ 6ኤ ሒሳቡን ይዞ ወጣ፤ ጀሚኒ 7ን ከታች በኩል አሳዶ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት እስኪተያዩ ድረስ ተጠጋው።

በቁጥር ስታዩት ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። በ400 ኪ.ሜ ከፍታ አንድ ዙር 92 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በ300 ኪ.ሜ ደግሞ 90 ደቂቃ ተኩል። ከታች ያለው በእያንዳንዱ ዙር የ2 ደቂቃ ብልጫ ያገኛል። 2 ደቂቃ ምንም አይመስልም፣ ግን በሰከንድ 7.7 ኪ.ሜ ለሚበር ነገር ከ900 ኪ.ሜ በላይ ነው። ከ300ው ወደ 400ው ለመውጣት የሚያስፈልገው የፍጥነት ለውጥስ? በሰከንድ 57 ሜትር ገደማ። ርካሽ ነው። ከፍታ መቀየር ርካሽ፣ መጠበቅ ደግሞ ነጻ። ሶዩዝ ለብዙ ዓመታት ጣቢያው ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ይወስድበት የነበረው በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ 6 ሰዓት፣ በ2020 ደግሞ 3 ሰዓት ገደማ ሆነ። ሞተሩ አልተቀየረም፤ የተሻለው ሒሳቡና የማስነሻው ሰዓት አመራረጥ ነው።

ውዱ ነገር አቅጣጫ ነው። እዚያው መገናኛ ላይ እንቆይ። ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ ከሥራችሁ በሌላ መንገድ የምታልፈው መኪና ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የምትርቃችሁ። ግን እናንተ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። መቅረብና አብሮ መሄድ ለየቅል ናቸው። የምህዋርም መንገድ እንደዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ከምድር ወገብ አንጻር የራሱ ዝንባሌ አለው። የሀብል 28.5 ዲግሪ ነው፣ የጠፈር ጣቢያው 51.6። ልዩነቱ 23.1 ዲግሪ። ሁለቱ መንገዶቻቸው ተቋርጠው ጎን ለጎን ቢያልፉ እንኳ አንዱ ሌላውን የሚያልፈው በሰከንድ 3 ኪ.ሜ ፍጥነት ነው፣ ከጥይት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኮዋልስኪ ስቶንን ጎትቶ መቀየር የነበረበት ያንን 3 ኪ.ሜ በሰከንድ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጠቀመበት እውነተኛው የጀርባ ጄት፣ ኤምኤምዩ፣ ጋዙን በሙሉ ቢጨርስ የሚሰጠው በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ነበር። ከመቶ እጥፍ በላይ ጎደለ ማለት ነው። በፊልሙ ያለው አዲስ ሙከራ ነው ይሉናል፤ ይሁንና የመቶ እጥፍን ጉድለት አዲስነት አይሞላውም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒል ደግራስ ታይሰንም ፊልሙ እንደወጣ ሀብል፣ ጣቢያውና የቻይናው ጣቢያ እንዴት ሊተያዩ እንደቻሉ በትዊተር ጠይቆ ነበር፤ ፊልሙን እንደወደደውም አልደበቀም።

ሒሳቡን በራሳችን ሳተላይት ልሥራላችሁ። ኢቲአርኤስኤስ-1 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019፣ በኛ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቻይና ታይዩዋን ተነስታ ምህዋር ገባች። ከፍታዋ ከ600 ኪ.ሜ በላይ ነው፣ ፊልሙ በመክፈቻው የሚጠራው ሰፈር ማለት ነው። ምድርን ፎቶ ለማንሳት የተሠራች ስለሆነች መንገዷ በዋልታዎቹ አቅራቢያ ያልፋል፤ ዝንባሌዋ 98 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስቶን ሀብልን ሳይሆን የእኛዋን ስትጠግን አደጋው ቢደርስባት ኖሮስ? ወደ ጠፈር ጣቢያው 46 ዲግሪ መታጠፍ አለባት፤ ዋጋው በሰከንድ 6 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ከመሬት ተነስቶ ምህዋር ለመግባት ከሚያስፈልገው ፍጥነት አብዛኛው። አዲስ ሮኬት ይምጣልኝ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ "አታካብድ" ልመለስ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ መንኮራኩር ስትነሳ ከነዳጅ ታንኩ የወደቀ የፎም ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። 16 ቀን ምህዋር ላይ ቆይታ የካቲት 1 ቀን ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ብዙ ሰው የጠየቀውን እናንተም ትጠይቃላችሁ፦ ያን ጊዜ የጠፈር ጣቢያው እላይ ነበር፣ ሦስት ሰዎችም ይኖሩበት ነበር፤ ለምን ወደዚያ አልሄዱም? መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ኮሎምቢያ የነበረችው በ39 ዲግሪ ነው። ጣቢያው በ51.6። 12 ዲግሪ ተኩሏን ለመታጠፍ በቂ ነዳጅ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ናሳ ወደ ሀብል የታቀደውን የመጨረሻ የጥገና ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰረዘው። ሀብል ጋ የተበላሸች መንኮራኩር ወደ ጣቢያው መሸሽ ስለማትችል ነው። ጉዞው ተመልሶ የተፈቀደው በ2006 ነው። በግንቦት 2009 አትላንቲስ ስትነሳም ሌላ መንኮራኩር፣ ኢንዴቨር፣ ለነፍስ አድን ብቻ ተብላ በሌላው ማስነሻ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የግራቪቲ ታሪክ መነሻ ራሱ ነው! ሀብልን የሚጠግኑ ሰዎች፣ የተበላሸች መንኮራኩር፣ መጠጊያ የለም። ፊልሙ በጀርባ ጄት የፈታውን ችግር እውነተኛዎቹ መሐንዲሶች ሙሉ መንኮራኩር አቁመው ነው የጠበቁት።

ስለዚህ ቅሬታዬ የቁጥር ስህተት ለቀማ አይደለም። ኩዋሮን እጁ ላይ የነበረውን የተሻለ ድራማ ነው የጣለው። መዳኛህ በየዙሩ ሲያልፍ ታየዋለህ፤ ትደርስበታለህ ግን አይባልም። ከዚህ የሚያስጨንቅ ትዕይንት ምን አለ? ፊልሙ ይህን አውጥቶ ጠፈርን እንደ አንድ ሰፊ አዳራሽ አደረገው፤ በሩን ካየኸው ትገባለህ። የሚገርመው፣ የጠፈርን ጸጥታ ያከበረ ሰው መንገዱን አለማክበሩ ነው።

ኢንተርስቴላር በዚህ በኩል ይሻላል። የመጋጠሙ ትዕይንት ላይ ኩፐር በደቂቃ 68 ጊዜ ከምትሽከረከር መርከብ ጋር ለመግጠም የራሱንም በዚያው ልክ ያሽከረክራል። የተጋነነ ይመስላል? ኒል አርምስትሮንግና ዴቪድ ስኮት እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1966 በጀሚኒ 8 በታሪክ የመጀመሪያውን የመንኮራኩር መግጠም ከፈጸሙ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ትንሽ ሞተር አልዘጋ አለ። ከተላቀቁ በኋላ መሽከርከሩ በሰከንድ አንድ ዙር ደረሰ፣ ማለትም በደቂቃ 60። አርምስትሮንግ ለመመለሻ የተቀመጡትን ሞተሮች አስነስቶ ነው ያቆመው። ኢንተርስቴላር በሌላ ቦታ ብዙ ነገር ይፈጥራል፤ ያቺን ትዕይንት ግን ፍጥነትህ ከሌላው እኩል ካልሆነ አትነካውም በሚለው ሕግ ላይ ነው የሠራት። ጭንቀቱም የመጣው ከሕጉ ነው።

ለክርክሬ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከሰማይ ታገኙታላችሁ። ሀብልም ጣቢያውም በአዲስ አበባ ላይ ያልፋሉ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ባለው ሰዓት፣ ደመና ከሌለ፣ በባዶ ዓይን ይታያሉ። የሚያልፉበትን ሰዓት የሚነግሩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ቦሌ ከሆናችሁ የመንገዱ መብራት እንዳይጋርዳችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ። ጣቢያው ደማቅ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሰያፍ ሆኖ ይሄዳል። ሀብል ደብዘዝ ይላል፤ መንገዱም ወደ ምዕራብ-ምሥራቅ መስመር ይበልጥ ይጠጋል። ሁለቱን በተለያየ ምሽት ያዩዋቸውን መንገዶች ወረቀት ላይ አስምሩና መሃላቸውን በፕሮትራክተር ለኩት።