የሕሙማን መዝገብ ፍለጋና የሞክሼ ፊደላት ጣጣ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው የመርጡለ ማርያም ከተማ ስም «መርጡ ለማርያም»፣ «መርጦ ለማርያም» ተብሎም ይጻፋል። አንባቢ ሦስቱም አንድ ቦታ መሆናቸውን ይረዳል፤ ኮምፒውተር ግን እንደ ሦስት ስሞች ይቆጥራቸዋል። ይኸው ችግር ካርድ ክፍል ሲገባ ሕይወትን የሚነካ ይሆናል።

ዩኒኮድ ሀን፣ ሐንና ኀን በተለያየ ቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ የተመዘገበ ሕመምተኛ «ሀይለማርያም» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የሚገልጸው ማስጠንቀቂያም በአሮጌው መዝገብ ተቀብሮ ይቀራል።

ፊደል በፊደል የገጠመውን ብቻ አውጥቶ ሌላውን የሚደብቅ የፍለጋ ስልት የሚነቀፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሻለው ተቀራራቢ መዝገቦችን ሁሉ ዘርዝሮ፣ የሚመሳሰሉትን በምልክት መለየትና በምን እንደተመሳሰሉ፣ ማለትም በስም፣ በአባትና በአያት ስም፣ በጾታ ወይም በቀበሌ መሆኑን ማሳየት ነው። ሞክሼ ፊደላት ለማነጻጸሪያ ብቻ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ የተመዘገበው ስም ግን አይለወጥ። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነትም ብቻውን የሌላ ሰው ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድ።

ይሁን እንጂ ምልክቱ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። በአንድ ቀበሌ ሁለት ኃይለ ማርያሞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ መዝገባቸው በስሕተት ቢዋሐድ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይታዘዛል። ስለሆነም የመጨረሻው ውሳኔ ሕመምተኛውን ጠይቆ ለሚያረጋግጠው ባለሙያ መተው ይኖርበታል።