ያላዩትን ስለ ማመስገን

ሰው የሚወደውን ነገር ያመሰግናል፤ ነገር ግን የሚያመሰግነውን ሁሉ ይወዳል ማለት አይደለም። ምስጋና ከፍቅር ሲመነጭ ሰውን ለሥራ ያነሣሣዋል፤ ከልማድ ብቻ ሲመነጭ ግን ሥራውን የፈጸመ መስሎት እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። በትምህርት ቤቶቻችን ልጆች ምድርንና ደንን፣ በውስጡም የሚኖሩትን አራዊትና አዕዋፍ እንዲጠብቁ በዜማ፣ በግጥም፣ በቲያትርና በሥዕል ማስተማር የተለመደ ሆኗል። ልማዱ መልካም ነው፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህንኑ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ስለ አደራረጋችን ጥቂት ነቀፌታ ለመናገር እወዳለሁ። ነቀፌታው ከሁሉ አስቀድሞ በራሴ ላይ የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሌላውን ለማሳጣት የተነሣሁ አድርጎ እንዳይቈጥርብኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የችግኝ ተከላ በዓል ተደርጎ፣ እኔም ከእንግዶቹ ጋር ተጠርቼ ነበር። ልጆቹ አረንጓዴ ጨርቅ አገልድመው ዘመሩ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ምድርን «እናቴ» እያለች የምታሞግስበትን ግጥም አነበበች። ከዚያም አጭር ቲያትር ታየ፤ በቲያትሩም አንድ ክፉ ሰው መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፣ ዛፍ ይቈርጣል፣ ወዲያው ድርቅ ይሆናል፣ ሰውየው ያለቅሳል፣ ይጸጸታል፣ ዝናብም ይዘንባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሩብ ሰዓት አልሞላም። የልጆቹ ድምፅ ያማረ ስለ ነበረ እኛ እንግዶች ደስ ብሎን አጨበጨብን፤ ወጥተንም ተከልን። ስንመለስ ከዘማሪዎቹ አንዱን «የተከልኸው ምን ዛፍ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ችግኝ ነው» አለኝ። «የምን ችግኝ?» ብለው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አየ፤ እነርሱም አላወቁም። የተከሉት ጽድ ነበር።

ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የመዝሙሩ ነው። በዚያ መዝሙር ውስጥ «ዛፍ» እንጂ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ የሚል ቃል አልነበረም። ግጥሙም ጅማ ላይ ቢነበብ፣ ሐረር ላይ ቢነበብ አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልገውም። ለሁሉ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ደግሞ ለማንም ልኩ አይሆንም። የቅኔ መምህራን ሰሙ በሚገባ ያልተሠራ ቅኔ ወርቁም እንደማይወጣለት ያውቃሉ። በእኛም ነገር ሰሙ ይኸው በዓይን የሚታየው፣ በእጅ የሚዳሰሰው፣ ስም ያለው ዛፍ ነው፤ ወርቁ ምክሩ ነው። እኛ ግን ሰሙን ትተን ወርቁን ብቻ ለልጆች ለማደል እንቸኩላለን።

ስም አለማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን ኮረብታ ያለበሰው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ እኔም አልንቀውም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ ብርዳም አገር የብዙ ሰው ማገዶ፣ የብዙ ሰው ቤት ሆኗል። ነገር ግን አረንጓዴውን ሁሉ «ደን» ብሎ የዘመረ ልጅ የባሕር ዛፍ ተክልንና የወፍ ዋሻን ደን በምን ይለያቸዋል? በወፍ ዋሻ ገደላ ገደል ላይ ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ እየተከታተሉ ይታያሉ፤ ጭላዳም ከገደሉ አፋፍ ላይ ሣር እየነጨ ይውላል። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። በአንኮበር አካባቢ ባለው ገደል ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች፤ ሊቃውንት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ መርምረው በሳይንስ ስሟ ላይ የአንኮበርን ስም አኑረውላታል። እኔ በዚያው አውራጃ ብዙ ዘመን ሳስተምር ኖሬ፣ ስለዚህች ወፍ የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እንግዲህ ስለ አዕዋፍ ያዘመርኋቸው ልጆች ስለ የትኛዋ ወፍ ይዘምሩ እንደ ነበረ አላውቅም።

የቲያትሩ ጥፋት ከዚህ ይከብዳል። በምድራችን ላይ የደረሰው ጉዳት በአንድ ክፉ ሰው መጥረቢያ የመጣ አይደለም። እናት ማገዶ ስለ ራቃት ኩበት ትለቅማለች፤ ማሳውን ማዳበር የሚገባው ፍግ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። አባት የሚያርሰው ሜዳ ስላነሰው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፤ ከብቱም የቀረውን ሣር ይግጣል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ራቁቱን ያገኘውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ይህን ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ መጥረቢያ የያዘው ሰው የአንዱ አባት ነውና። ስለዚህ አባቱን ክፉ አድርጎ የሚያሳይ ቲያትር ልጁን በአባቱ እንዲያፍር ያደርገዋል እንጂ ከምድሪቱ ጋር አያስታርቀውም። ችግሩ በሩብ ሰዓት ልቅሶ የሚፈታ አድርጎ ማሳየትም ሐሰት ማስተማር ነው።

በግጥምና በታሪክ ግብረ ገብ ማስተማር አይቻልም ማለቴ አይደለም። የዚሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ስንቱን ተማሪ በግጥም እንዳስተማሩ የማያውቅ የለም። በእርሳቸው ምሳሌ ውስጥ ግን አውሬው እንደ ጠባዩ ይናገራል፤ ምክሩም ከታሪኩ በኋላ እንጂ በታሪኩ ፈንታ አይመጣም። የሕዝብ ዘፈንም ቢሆን ከሥራ ጋር ሲጋባ ኃይል አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጋሽ አበራ ሞላ በሚለው ስም የታወቀው ድምፃዊ ስለሺ ደምሴ አዲስ አበባ ላይ ወጣቶችን በዘፈን ቀስቅሶ ቈሻሻ የሚጣልበትን ሥፍራ ወደ አትክልት ቦታ እንዲለውጡ ባደረገ ጊዜ፣ ዘፈኑ የተሰማው አካፋና መጥረጊያ አብረውት ስለ ነበሩ ነው።

ወደ ራሴ በደል ልመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከማስተምራቸው ትምህርቶች አንዱ ሥዕል ነበረ፤ አንድ ቀን ልጆቹን «አገራችሁን ሳሉ» ብዬ አዘዝኋቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ሥዕል አመጡ፤ ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ሁለት አረንጓዴ ተራራ፣ በመካከሉ ወንዝ፣ አንድ ጎጆ። ከመስኮቱ ውጭ እንዲህ ያለ ተራራ አልነበረም። አንዲት ልጅ ብቻ ወረቀቱን በቡናማ እርሳስ ሰንጥቃ አመጣችልኝ። በስንጥቁ ዳር ሥራቸው የወጣ ሁለት ቍጥቋጦዎች፣ አንዲት ጎንበስ ያለች ሴትም ነበሩ።

«ይህ ምንድር ነው?» አልኋት።

«ጋሼ፣ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ያለው ቦረቦር ነው። እማዬ ኩበት ስትለቅም ነው» አለችኝ።

«ውብ አድርገሽ አትስዪም?»

«አገራችሁን ሳሉ ብለውን ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ከ10 አራት ሰጠኋት። በማግሥቱ አረንጓዴውን ተራራ ስላ አመጣች፤ ስምንት ሰጠኋት። በዚያች ቀን አንዲት ያየችውን የምትናገር ልጅ ያላየችውን እንድታመሰግን አስተማርሁ፤ ለዚህም ደመወዝ ተከፈለኝ። እኔ ራሴ በሕፃንነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንዲህ አልነበረም። የሥዕል መምህራችን የወይራ ቅጠል በእጃችን ሰጥተው፣ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ የነጣ መሆኑን በሥዕላችን እስክናሳይ ድረስ ሌላ ነገር አያስነኩንም ነበር። የተቀበልሁትን መልካም ነገር ሳላስተላልፍ ቀረሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያ ሥፍራ ሄድሁ። ቦረቦሩ ሰፍቶ አንዱን ማሳ ለሁለት ከፍሎታል። ምን ያህል እንደ ሰፋ ለማወቅ ፈለግሁ፤ ነገር ግን በምን ላመዛዝነው? የቀድሞውን መልኩን የያዘችው ያቺ አራት የሰጠኋት ሥዕል ብቻ ነበረች፤ እርስዋንም ከሌሎቹ ጋር ጥዬአታለሁ።

በዚህ ጊዜ የአንኮበር ነገር ትዝ አለኝ። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በሻምበል ሐሪስ መሪነት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኞች ሲልክ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ መጥቶ ነበር። በሸዋ የሣላቸውንም ሥዕሎች በ1844 ዓ.ም. ኤውሮጳ ውስጥ አሳትሞ አወጣ። በርናትስ የመጣው ምድራችንን ለመጠበቅ አልነበረም፤ አገሩም አልነበረችም፤ ለባዕድ መንግሥት የሚሠራ ሰው ነበረ። ነገር ግን ተመለከተ፤ የተመለከተውንም ሣለ። ስለዚህ ከ180 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የቀድሞውን የሸዋ ተራራ መልክ ለማየት የምንሄደው ወደ እርሱ ነው። የባዕድ አገር ሰው ያየው በክብር ተጠብቆ ሲኖር፣ የገዛ ልጃችን ያየችውን እኔ ጣልሁት። አንኮበር እኮ በ1925 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌን የወለደች አገር ናት፤ ማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰውን፣ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር መስተዋት በቀለም ያስጌጠውን ሰው። ከዚያች ምድር ሁለተኛ ሠዓሊ ቢወጣ ምናልባት እንደኔ ያለ መምህር ከ10 አራት ሰጥቶት ይሆናል።

አባቶቻችን በጥበብና በጥበቃ መካከል ግድግዳ አላቆሙም ነበር። በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሕዝቡ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል፤ የጓሳው ሣር ለዓመታት ይከለከላል፣ ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሲፈቅዱ ብቻ ይታጨዳል። ከሣሩም የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራል። ገሳ የሚሠራው ሰው ያልበሰለ ሣር ምን እንደሚመስል በጣቱ ስለሚያውቅ፣ ሕጉ ለምን እንደ ተሠራ የሚነግረው አያስፈልገውም ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ቢደክምም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ ይኖራል። የእጅ ሥራ ዕውቀትን፣ ዕውቀትም ጥበቃን እንዲህ ይወልዳል።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ ለመልካም ነገር መነሣቱ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ መትከል የአንድ ቀን፣ መጠበቅ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ስለ መትከል የተደረሰ መዝሙር ብዙ ሰምቻለሁ፤ በጥር ወር ውሃ ስለ ማጠጣት፣ ፍየል ስለ መከልከል የተደረሰ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ የመጀመሪያው ሰው በገነት የተቀመጠው ሁለት ነገር እንዲያደርግ መሆኑን ይነግረናል፤ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት። እኛ አንደኛውን ዘምረን ሁለተኛውን ረሳን።

እንግዲህ ዛሬ በማስተማር ላይ ላላችሁት ወንድሞቼና እኅቶቼ የምመክረው ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ተዳፋት፣ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ቦረቦር የራሱ አድርጎ ይያዝ። ልጆቹም በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ እየወጡ እንዳለ ይሳሉት፤ የዛፎቹንም ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው በሥዕሉ ላይ ይጻፉ። ሥዕሉ ቀን ተጽፎበት በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪም ከእርሱ ጋር ያመዛዝን። መዝሙሩ ከዚያ በኋላ፣ ከተሰበሰበው ስም ይደረስ። ቲያትሩም ክፉ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ማገዶ ያጣችን እናትና ደን የሚጠብቅን ዘበኛ ፊት ለፊት አቁሞ ሁለቱንም ያሰማን። የተተከለው ችግኝ በዓመቱ ስንቱ እንደ ጸደቀ ልጆቹ ቈጥረው በሚቀጥለው በዓል ላይ ይናገሩ፤ ቍጥሩ ቢያሳፍረንም ይነገር።

ያቺን ሥዕል መልሼ ላገኛት አልችልም። ቦረቦሩ ግን እዚያው አለ፤ እንዳለ የሚስለው ልጅና ሥዕሉን የማይጥል መምህር ይፈልጋል።