ጉድጓዱ ያው፣ ችግኙ አዲስ

ልጄ ጠዋት ሞልታ የወሰደችውን የውኃ ኮዳ ማታ እንደሞላ ይዛው ትመለሳለች። አንድ ቀን “ምነው አልጠጣሽም?” አልኳት። “ከጠጣሁማ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ!” አለችኝ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ውኃ ካየ ሰንብቷል። ስለዚህ ልጅቷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጥሟን ይዛ ትውላለች። በሳምንቱ ከዚያው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ “ግቢያችንን አረንጓዴና ለተማሪዎች ምቹ ለማድረግ” በሚካሄደው የችግኝ ተከላ ላይ እንድገኝ የሚጋብዝ።

ሄድኩ። ባነር ተሰቅሏል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ፎቶ ተነስቷል። እኔም አካፋ ጨበጥኩ። ይሄኔ የጥበቃው አዛውንት ጠጋ ብለው፣ “አምናም እርስዎ የተከሉት እዚህችው ላይ ነበር። ዘንድሮም እዚሁ ይትከሉ፤ አፈሩ ለስላሳ ነው” አሉኝ። ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

ክፉ አትዩብኝ፤ ዛፍ መትከልን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ጭቃ ከነካቸው አንዱ ነበርኩ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዝናቡ አብቅቶ በጋው ሲገባ ያንን ችግኝ ማን ያጠጣዋል? ለልጆች እጅ መታጠቢያ የታጣ ውኃ ለችግኝ ከየት ይመጣል?

እስኪ ቀና ብለን ጣሪያውን እንየው። ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ መምህሩ ዝም ይላል። ውኃው ደግሞ በጠርዙ ወርዶ ግቢውን ጭቃ አድርጎ ይሄዳል። ሒሳቡ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 40 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ አንድ የመማሪያ ብሎክ 320 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ ከ320 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ በየዓመቱ በልጆቻችን አናት ላይ ያልፋል!

ሁሉንም ማጠራቀም እንደማይቻል አላጣሁትም። ዋናው ዝናብ የሚወርደው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ነው፤ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶም ከ10 ሺህ በላይ አይይዝም። ግን ያቺ አንዲት ሮቶ አሸንዳ ተገጥሞላት መስከረም ላይ ሞልታ ብትጠብቅ፣ ለአንድ ጊዜ እጅ መታጠቢያ ግማሽ ሊትር ብንሰፍር፣ 20 ሺህ ጊዜ እጅ ታስታጥባለች። ለመጠጥ ባትሆን ለዚህ ማን ይከለክላታል?

“በጀት የለም” ይባላል። ታዲያ ግቢውን ኮብልስቶን ለማልበስ በጀት ተገኝቶ የለም እንዴ? ለዚያ ሲባል ልጆች ከሥሩ ይጫወቱበት የነበረ አንድ ትልቅ ጥድ ተቆረጠ። ከዚያ ችግኝ ተከልን። ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ አልቀስርም፤ ድንጋዩ ይነጠፍ ሲባል እጃቸውን ካወጡት ወላጆች አንዱ እኔ ነኝ። ግቢው ሲያምር ነበር የታየኝ።

ድህነትም ቢሆን ሰበብ አይሆንም። በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የነደፈው የመንደሩ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። ነዋሪው ራሱ በአካባቢው አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቅሎ ጡብ ሠራ። ቆርቆሮው ከክፍሉ ኮርኒስ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ሙቁ አየር በመሃል ሾልኮ ይወጣል፤ ክፍሉ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል። ሕንፃው በ2004 የአጋ ካንን ሽልማት አገኘ፤ ኬሬም በ2022 በሥነ ሕንፃ ትልቅ ክብር ያለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የጭቃ ግድግዳ ሙቀትና ቅዝቃዜን እንደሚያስታግስ የእኛም አያቶች ያውቁ ነበር። እኛ ግን ጭቃን የድህነት ምልክት አደረግነውና ፀሐይ ፊት ለፊት የሚጋግረው ብሎኬትና መስታወት ውስጥ ልጆቻችንን አስገብተን “ዘመናዊ” አልነው።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሪፖርቱ ስንት ችግኝ ተተከለ ከማለቱ በፊት፣ አምና ከተተከለው ስንቱ በሕይወት አለ ይበለን። ከባነሩ በፊት ደግሞ አሸንዳው ይገጠም። ልጄ ኮዳዋን ባዶ አድርጋ የተመለሰች ዕለት ትምህርት ቤቱ አረንጓዴ ሆኗል ብዬ እመሰክራለሁ። እስከዚያው ግን የጥበቃው አዛውንት አፈሩን እያለሰለሱ ይጠብቁኛል።